ጽዋው እንዳያልፈኝ

ጁባ ያለ ሐበሻ ሁሉ ዓባይነሽን ባየ ቁጥር የሚላት አንድ ነገር ነበር። «ወይ አማረብሽ! ተመቸሽ አይደል? ፊትሽ እኮ ጨረቃ መሰለ!»

እሷም ፈገግ ትላለች። ምን ታድርግ? ፊቷ በእርግጥ ሞልቷል፤ ጉንጯ ተነፍቷል፤ አገጯ ሥር ሌላ አገጭ መጥቷል። በእኛ ሰው ዘንድ የከሳ ነው «ምን ሆንሽ?» ተብሎ የሚጠየቀው፤ የወፈረማ ይመረቃል፣ ይቀናበታል። ያን ፊት ያመጣው ግን ቅቤ አልነበረም፤ ቁርሷን ቀምሳ የምትውጣት ነጭ ኪኒን ናት። ኪኒኗ እብጠቱን ከጣቶቿ ታነሳና ጉንጯ ላይ ታስቀምጠዋለች። ይህን ማን ይወቅላት? ብትነግራቸው አይደል የሚያውቁት! አልነገረቻቸውም።

ዓባይነሽ ሃይ ማላካል በሚባል ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ከምግብ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች፤ ብቻዋን የምታድረው እዚያ ነው። ድሮ ወጡን የምትሠራው፣ እንግዳውን የምታስተናግደው፣ ከሽንኩርት ነጋዴዎቹ ጋር ስትከራከር የምትውለው እሷ ራሷ ነበረች። አሁን ወጥ ቤቱን ሮዳስ ለምትባል ሠራተኛዋ ለቃ፣ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ሸሽጋ ከባንኮኒው ኋላ ትቀመጣለች። «እመቤት ሆነች» አሉ። ሰው ሰላም ሊላት ሲመጣ ትከሻዋን ታስቀድማለች እንጂ እጇን አትሰጥም። «ኮራች» አሉ። እግዜር ይይላቸው! እጇን ሲጨብጧት አጥንቷ ድረስ ምን እንደሚሰማት የምታውቀው እሷና ፈጣሪዋ ናቸው።

በሽታው ሲጀምራት እንደ ዋዛ ነበር። አንድ የዝናብ ጠዋት ጣቶቿ ጭልፋ አንይዝም አሉ። ብርድ ነው ብላ ተወችው። ሲብስባት ቁርጥማት ነው አለች፤ ቅባት ተቀባች፣ ጨርቅ አሰረች። ከዚያ አንጓዋ፣ ከዚያ ጉልበቷ፣ ከዚያ የእግሯ ጣት ሳይቀር አበጠ። በመጨረሻ ማላኪያ ያለ አንድ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ረፊቅ ይባላል፤ እዚያው ማላኪያ ተወልዶ፣ ካርቱም ተምሮ፣ እዚያ ሲሠራ ቆይቶ የሱዳኑ ጦርነት ወደ ተወለደበት ሰፈር የመለሰው ሰው ነው። የበሽታውን ስም ነገራት፤ ስሙ ረጅም ስለሆነ አልያዘችውም።

«ሰውነትሽ ውስጥ የሚጠብቅሽ ዘበኛ አለ» አላት ቀስ ብሎ፣ በገበያ ዐረብኛዋ ልክ። «ያ ዘበኛ ዞረበትና የቤቱን ባለቤት እንደ ሌባ ይደበድባታል።»

«ታዲያ አይባረርም?»

«አይባረርም። ይለመናል እንጂ።»

ያን ዕለት ሳቀች። ከልቧ ስትስቅ ያ የመጨረሻዋ ሳይሆን አይቀርም።

የዚህ በሽታ ክፋቱ ጠዋት ነው። ከእንቅልፏ ትነቃለች እንጂ ጣቶቿ አይነቁም። ጉልበቷ እንደ ደረቀ ቆዳ ይሆናል። የጎረቤቱ ጀነሬተር ሲነሳ፣ ቦዳቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሲያልፍ፣ ሮዳስ ወጥ ቤት ገብታ ድስት ስታንኳኳ ተጋድማ ትሰማለች። ዓለም ሁሉ ተነስቷል፤ እሷ ብቻ ቀርታለች። አንድ ቀን ሮዳስ ቁልፍ ፈልጋ በሯን ብታንኳኳ፣ ዓባይነሽ ተንፏቃ በሩ ድረስ ደርሳ መቀርቀሪያውን መሳብ አቃታት። ሮዳስ ደጅ ሆና «እትዬ! ደህና ነሽ?» ትላለች። እሷ ውስጥ ሆና «እየለበስኩ ነው!» ትላለች፤ እንባዋ ግን እየወረደ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩን ገርበብ አድርጋ ትተኛለች እንጂ አትቀረቅርም።

ጁባ ላይ በሩን ሳይቀረቅር የሚያድር ወይ ጠመንጃ ያለው ነው፣ ወይ እብድ ነው። ዓባይነሽ ጠመንጃ የላትም። መጀመሪያ ላይ ኮሽ ባለ ቁጥር ትደነግጥ ነበር። እየቆየ ግን ድንጋጤው ተዋትና አንድ ሌላ ነገር መጣባት። «የሚገባ ይግባ፤ ምን ይወስዳል? እኔን ከሆነ ይውሰደኝ» ማለት ጀመረች። ይህን ያለችው እሷ መሆኗን ስታውቅ አማተበች። ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት ነው ሲባል ነው ያደገችው። ስለዚህ ኃጢአቱንም እንደ እጇ ነጠላዋ ሥር ደበቀችው።

ምግብ አይጥማት ጀመር። የገዛ ቤቷ ወጥ አፏ ውስጥ ገለባ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለችው እህቷ ስትደውል ስልኩ እስኪዘጋ ታየዋለች፤ በኋላ «ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ድምፅ ትልካለች። እኛ ሰዎች ይህች ሰላምታ አለችን፤ «እንዴት ነሽ?» ስንባል ምስጋናውን እናስቀድምና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ማን ይሆን «ደህና አይደለሁም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያለው?

ባለፈው ጊዜ ረፊቅ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከጨበጠ በኋላ ቀና ብሎ አያት። «ኢታ ኬፍ?» አላት፤ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው።

«ኩዌስ» አለችው። ደህና።

«እጅሽን አይደለም የጠየቅሁት።»

ዓባይነሽ እጆቿን ወደ ነጠላዋ ሥር መለሰች። ዐረብኛዋ የሽንኩርትና የከሰል ነው፤ ስለ ልብ የሚወራበት አይደለም። ደግሞ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በአማርኛም ቢሆን የምትለውን አታውቀውም ነበር።

«ይህ በሽታ ብቻውን አይመጣም» አለ ሰውየው። «አጥንት የሚያመው ሰው ልቡም ይታመማል። ድካም አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ ይታከማል። ብዙ ሰው አለ እንዳንቺ። ግን ለአንድ ሰው ንገሪ። መድኃኒቱን እኔ እሰጥሻለሁ፤ ሰውየውን ከየት አምጥቼ ልስጥሽ?» ይህን ሲል ወደ መስኮቱ ዞረ። የእሱም ሚስትና ልጆች ካይሮ ናቸው፤ ስልኩ ላይ ፎቷቸውን አይታለች። ሌላ ቀን ብትሆን ታጽናናው ነበር። ያን ቀን ግን መድኃኒቷን ይዛ ሹልክ ብላ ወጣች።

ለአንድ ሰው ንገሪ። ለማን?

ዓባይነሽ በጁባ ያላት ወገን የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ብቻ ነው። ሆቴል ያለው፣ ሱቅ ያለው፣ ኤንጂኦ የሚሠራው በየወሩ በተረኛው ቤት ይሰበሰባል፤ በዓሉ በሥራ ቀን ከዋለ ወደ እሑድ ይገፉታል። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይዘመራል፤ ከዚያ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ተረኛው ተንበርክኮ በሁለት እጁ ይቀበልና ራሱ ተሸክሞ ቤቱ ያስገባዋል። ጽዋው የገባበት ቤት ደግሞ ወሩን ሙሉ ሰው አያጣም። አንዱ ለመሳለም ይመጣል፣ ሌላው ጌሾ ለመውቀጥ፣ ሌላው እንዲሁ ለወሬ። ከባንኮኒው አልፎ ወደ ዓባይነሽ ጓዳ የሰው እግር የሚገባው በዚያ ወር ብቻ ነው።

ጽዋው የሸክላ ነው፤ ከጎንደር የመጣ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ። ጁባ ላይ በተነሳው ግርግር ጊዜ፣ ካስተም የሚባለው ገበያ በጥይት ሲናጥ፣ ማንያህልሻል የምትባለው ነጋዴ ሸቀጧን ሁሉ ሜዳ ላይ ጥላ ይህን ጽዋ በጀርባዋ አዝላ ነው የወጣችው። ኬላ ላይ የነበሩት ወታደሮች ሕፃን መስሏቸው «ማለሽ፣ ማለሽ»፣ አይዞሽ እያሉ አሳለፏት ይባላል። እስከ ዛሬ አንድም ሰው አልጣለውም፤ አንድም ሰው አላነቃውም። እና ይህን ዕቃ በእነዚያ ጣቶች ትያዘው?

ባለፈው ዙር ተራዋ ሲደርስ «ሥራ በዛብኝ፣ ለሌላ ጊዜ» ብላ አሳለፈችው። በማኅበሩ ሕግ ሁለት ጊዜ ያሳለፈ እንደ ወጣ ይቆጠራል። አሁን ደግሞ ደረሳት። ጽዋው ያለው ማንያህልሻል ቤት ነው፤ ከማንያህልሻል ቀጥሎ ያለችው እሷ ናት። ብትቀበለው ትጥለዋለች፤ ባትቀበለው ከማኅበሩ ትወጣለች፤ ከማኅበሩ ከወጣች ደግሞ በዚህ ከተማ ስሟን የሚጠራ አይኖርም። ቀኑ እስኪደርስ ስታስበው ሰነበተች።

እሑድ ጠዋት ጣቶቿ እስኪላወሱ ጠብቃ ነጠላዋን አጣፋች። ቦዳቦዳ ላይ በክርኗ ተደግፋ ካስተም ደረሰች። መንገዱ ከኡጋንዳ በመጡ ሎሪዎች ተዘግቶ ነበር። ማንያህልሻል ከመጋዘኗ ጀርባ ድንኳን ጥላለች፤ ድምፅዋ ከሎሪዎቹ በላይ ይሰማል።

«መጣችልኝ ጨረቃዬ!» አለች እየሮጠች መጥታ። «ወይኔ ጉዴ! ካለፈው ደግሞ ጨምረሻል! ለእኛም ንገሪና እንብላው ያን የምትበይውን!»

ሰው ሳቀ። ዓባይነሽም ሳቀች። ማንያህልሻል ክፉ ሴት አይደለችም፤ ምላሷ ቀድሟት ይሄዳል እንጂ ልቧ ቅቤ ነው። አቅፋ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ገበታው ቀረበ፤ ካህኑ ባረኩ። ማንያህልሻል ዶሮውን ጠቅልላ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰቻት። «አንድ ያጣላል!» ብላ ደገመቻት። እንግዲህ ጉርሻ ብድር ነው፤ የጎረሰ ያጎርሳል። ሁሉም ያያል። ዓባይነሽ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ እንጀራውን ቆረሰች፤ ቆረሰች ከተባለ። ጣቶቿ አልጠቀለሉላትም። ጉርሻው ማንያህልሻል አፍ ጋ ሳይደርስ ተበተነና ወጡ በሴትየዋ ነጭ ቀሚስ ላይ ፈሰሰ።

«አይ ጥጋብ!» አለ አንዱ ከወዲያ።

«ተዉአት፣ ማጉረስ ረስታ ነው፤ ዘንድሮ እየጎረሰች ብቻ ነው!» አለች ማንያህልሻል ቀሚሷን እየጠረገች። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ዓባይነሽ የዚያን ጊዜ ተነስታ ብትሄድ ደስ ባላት፤ ግን መሬት ላይ ስለተቀመጠች ያለ ሰው እጅ መነሳት አትችልም። ስለዚህ ተቀመጠች።

ጸሎቱ ደረሰ። ጋሽ ኃይለመለኮት ተነሱ። የማኅበሩ ሙሴ እሳቸው ናቸው፤ ሰብሳቢውን ሙሴ ነው የምንለው። ረጋ ያሉ፣ ሥርዓት የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለው እንደ ልማዳቸው ስለ አንድነት ትንሽ ተናገሩ። ከዚያ ጽዋውን በነጭ ጨርቁ ይዘው ዞሩ።

«የሚቀጥለው ተረኛ፣ ዓባይነሽ።»

ሰው እልል አለ። ሁለት ሴቶች ደግፈው አስነሷት፤ ጉልበቷ አልታጠፍ ስላላት ቆማ ቀረች። ሽማግሌው ጽዋውን ዘረጉ። እጆቿን አወጣች። ሁሉም አዩአቸው፤ የጣቶቿ መጋጠሚያ እንደ ዝንጅብል አብጧል፣ ጣቶቿ ወደ ጎን ሸሽተዋል። እልልታው ወዲያው ቆመ።

«አልችልም፣ ጋሼ» አለች። «ይወድቅብኛል። ኩራት አይደለም። እጄ ነው።»

«ምነው ሳትነግሪን?» አለች አንዷ። «ጸበል ብትጠመቂ» አለች ሌላዋ። ጋሽ ኃይለመለኮት ጽዋውን ወደ ደረታቸው መለሱት፤ ፊታቸው ሐዘን ሞላው።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ። «ሥርዓት በታመመ ላይ አይጸናም። ማንም ከማኅበሩ አያወጣሽም። ከእንግዲህ ግን ተራ አይኑርብሽ፤ ጽዋው ይለፍሽ። አንቺ እረፊ፤ እኛ እንጠይቅሻለን።» ይህን ብለው ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

ሰው ሁሉ «እግዜር ይስጥልን፣ ደግ ፍርድ ነው» አለ። ደግ ነበር። ዓባይነሽ ከማኅበሩ አልወጣችም፤ የፈራችው አልደረሰባትም። ታዲያ ይህ ደረቷ ላይ የወደቀው ምንድን ነው? ጽዋው ከፊቷ ዞሮ ሲሄድ አየችው። በእሱ ፋንታ የሚመጣውም ታያት፤ ብርቱካን በፌስታል ይዞ መጥቶ፣ ቆሞ «እንዴት ነሽ?» የሚላት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል የሚሄድ ሰው። በኋላ እሱም ይቀራል።

«አትለፉኝ!»

ድምፁ ከእሷ መውጣቱን ያወቀችው ሰው ሲዞር ነው።

«አትለፉኝ ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ! እረፊ አይበሉኝ። ዕረፍት ነው የገደለኝ! ተጋድሜ ነው የማነጋው፣ ተቀምጬ ነው የማመሸው። ጽዋው ካለፈኝ ቤቴ ማን ይገባል? ማን አለኝ? እጄ አይደለም ያስከፋኝ... እጄንስ ለምጄዋለሁ። ብቻዬን ነኝ። መኖር አስጠልቶኛል!»

እንደዚያ ያለ ነገር ማኅበር ላይ አይባልም። አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። ጋሽ ኃይለመለኮት ጽዋውን እንደያዙ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። «ልጄ፣ ሥርዓቱ በሁለት እጅ ነው እኮ» አሉ በመጨረሻ።

«የምን ሁለት እጅ?» አለች ማንያህልሻል። ድምፅዋ ተለውጧል። «እኔ በዚያ ጥይት መሃል በየትኛው እጄ ነው ያወጣሁት? አዝዬ አይደል? ያን ጊዜ ሥርዓቱ የት ነበር፣ ጋሼ? አምጡት እስቲ ወዲህ!»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዘረጉላት። ማንያህልሻል ጽዋውን ዓባይነሽ ጀርባ ላይ አስደገፈች፤ የራሷን ነጠላ አውልቃ እንደ ልጅ አሳዘለቻትና ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችላት። ዓባይነሽ ወልዳ አታውቅም። ክብደቱ ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ጎንበስ አለች፤ የማዘል ነገር ለካ ሳያስተምሩትም ይታወቃል። እልልታው እንደገና ጀመረ፤ መጀመሪያ በፍርሃት፣ ከዚያ ሙሉ ሆነ። እየዘመሩ ሃይ ማላካል ድረስ ሸኟት፤ ገሚሱ በመኪና፣ ገሚሱ ራክሻ በሚሉት ባጃጅ።

ጽዋው ጓዳዋ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሰው ተሳለመ፣ መረቀ፣ ፀሐይዋን እያየ ተጣደፈ፤ ጁባ ሲመሽ ሰው ቤቱ መሆን አለበት። ከመውጣታቸው በፊት ሴቶቹ ዓባይነሽን በየተራ ሳሟት፤ አንዳቸውም ግን ዓይኗን አላዩዋትም። ያለችውን ሰምተዋል። አልፈረደችባቸውም። ጥቂት ቆይቶ ቤቱ ጭር አለ።

የቀረችው ማንያህልሻል ብቻ ነበረች። ልትወጣ ስትል እጇ መቀርቀሪያው ላይ አረፈ። ሳበችው፤ ዝጎ ደርቋል።

«ይሄ ነገር ከተዘጋ ስንት ዘመኑ ነው?» አለች።

«ቆይቷል። ጠዋት መክፈት ስለማልችል አልዘጋውም።»

«ክፍቱን ታድሪያለሽ? እዚህ አገር?»

«አዎ።» ዓባይነሽ አልጋው ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን አየች። ዛሬ አንዴ ከአፏ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ምን ትደብቅ? «መጀመሪያ ለጣቴ ብዬ ነበር። አሁን ግን፣ እትዬ... የሚገባ ይግባና ይገላግለኝ እላለሁ።»

ማንያህልሻል ወጥ የነካውን ቀሚሷን በእጇ ጨበጠች።

«እኔ እኮ ባየሁሽ ቁጥር ወፈርሽ፣ አማረብሽ ስልሽ ነበር» አለች።

«አዎ፤ ትይኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ የምትይኝ።»

ማንያህልሻል ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንድ ጫማዋን አወለቀች፤ በተረከዙ መቀርቀሪያውን ትቀጠቅጠው ጀመር። ዝገቱ እየረገፈ ወረደ። ብረቱ ተንቀሳቀሰ፤ ገፍታ ከውስጥ ዘጋችው። ዓባይነሽ ያን ድምፅ ስትሰማ አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ሮዳስ ወጥ ቤት ሆና እስክትሰማት ድረስ።

«ተኚ» አለቻት ማንያህልሻል። «ነገ ጠዋት እኔ እከፍተዋለሁ። ከዚያ ያ ሐኪምሽ ዘንድ አብረን እንሄዳለን።»

«ከነገ ወዲያስ?» አለች ዓባይነሽ።

ማንያህልሻል በሩን አየች፣ ጽዋውን አየች። «እንጃ» አለች። እውነቷን ነበር። ሌላኛውንም ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።